ደመና ያለ ቀን የሚመጣ ደንበኛ

ሐምሌ 9
ዛሬም ደመና። ልብስ አይደርቅም። አስጠሊታ ሰማይ።
ላውንደሪው እንፋሎት ብቻ። ስምንት አንሶላ፣ ሁለት ካፖርት፣ ወይን የፈሰሰበት የሙሽራ ቀሚስ። ሰው ሲደሰትም ሲያዝንም ያዝረከርካል፤ አጣቢዋ እኔ።
የባሌ እህት ብቅ አለች። «አንቺ፣ ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ! ያን ሸሚዝ ከሚስማሩ ላይ አታወርጂውም?» አላወርድም። ምን አገባት?

ሐምሌ 14
አዲስ ደንበኛ። ጃንጥላ የያዘ፣ ፊቱ ሊጥ የመሰለ። ሦስት ሸሚዝ አመጣ፤ የሦስቱም ኮሌታ ደም በደም።
«ስላጭ ቆርጦኝ ነው» አለ።
ጢም የለውም። ምኑን ነው የሚላጨው?
ለደም ቀዝቃዛ ውሃና ጨው። ሙቅ ውሃ ያበስለዋል፤ ከበሰለ አይለቅም። ይህን ለስንቱ አስተምሬአለሁ...

ነሐሴ 2
ጃንጥላው (ስም አወጣሁለት) ለአራተኛ ጊዜ መጣ። ደመና ሲሆን ብቻ ነው የሚመጣው። ዛሬ አጠገቤ እንደቆመ ግድግዳው ላይ ያለውን መስታወት አየሁ። እኔ፣ ሽበቴና ካውያው። እሱ የለም።
ሳሙና ተጠቅልሎበት በመጣ ጋዜጣ ላይ ፀሐይ ስለሚሸሹ፣ በመስታወት ስለማይታዩ ደም መጣጮች አንብቤ ነበር። ማንበብ የለመድኩት በእንዲህ ያለ ቁራጭ ነው፤ ግማሹ ሁልጊዜ የተቀደደ። ያኛው ያለቀው «ሴቶች ገና ሲያዩት...» ላይ ነው። ሲያዩት ምን? እኔ ያየሁት የተበላሸ ኮሌታ ነው።
«ደም መጣጭ ነህ» አልኩት።
«አዎ፣ እመቤቴ። ግን የበግ ነው... ከቄራ።»
ከቄራ! ደም መጣጭ ተብዬ።
«ዕድሜህ ስንት ነው?»
«ሦስት መቶ አልፎኛል።»
«በሦስት መቶ ዓመት ሳያንጠባጥቡ መብላት አይለመድም?»
አቀረቀረ። እንደ ተቀጣ ተማሪ።

ነሐሴ 11
አንገቴን ሲያይ ያዝኩት።
«ምን ታፈጣለህ?»
«ኮሌታዎ አርጅቷል።»
ከስድብ ሁሉ ይሄ!
ሳቅኩ መሰለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ?

ነሐሴ 19
ሚስማሩ ላይ ያለውን ሸሚዝ አየ። ደረቱ ላይ ያለውን ቡናማ ነጠብጣብ።
«ሙቅ ውሃ» አለ ቀስ ብሎ።
አዎ፣ ሙቅ ውሃ። ያን ቀን እዚህ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቤት ስገባ ባሌ ደም አስሎ ሞቷል። ብቻውን። ሸሚዙን አውልቄ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። እኔ! ሃያ ሁለት ዓመት ደም ያጠብኩ ሴት።
ፈርቶ ይሆን? ጠርቶኝ ይሆን? ሳላስበው ጮክ ብዬ ጠየቅኩ።
«ፍርሃት ደምን ያጎመዝዘዋል» አለ። «ከፈቀዱልኝ እቀምሰዋለሁ።»
«ውጣልኝ!»
ወጣ። ጃንጥላውን እንኳ ሳይዘረጋ።

ነሐሴ 20
አልመጣም። ግልግል።

ነሐሴ 22
አልመጣም። ሰማዩ እንዲህ ድፍን ብሎ! ምን ሆኖ ነው?

ነሐሴ 27
መጣ። ሳልናገር ሸሚዙን አውርጄ ሰጠሁት።
ነጠብጣቡን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ቡናማው እየሳሳ፣ እየሳሳ... ጠፋ። ዓመት ሙሉ ፈትጌው ያልለቀቀው! ከዚያ ማሳል ጀመረ፤ ቁርጥ እንደ ባሌ። ወንበር አቀረብኩለት።
«ጎምዛዛ ነው?»
«አይደለም።» ትንፋሽ አጠረው። «መጨረሻ ላይ የሳሙና ሽታ ትዝ ብሎታል።»
ሳሙና የሚሸተው የእኔ እጅ ነው።
ዋሽቶኝ ይሆን? በሦስት መቶ ዓመት መብላት ያልለመደ፣ ውሸት የት ይለምዳል?
አለቀስኩ። እጁን ያዝኩት፤ ከውሃዬ ይቀዘቅዛል። አልለቀቅኩትም። «አንቱታውን ተወው» አልኩት።

መስከረም 6
ሄደ። ደመና ወዳለበት አገር።
«ደመናው ሲመለስ እመጣለሁ። ትጠብቂኛለሽ?»
«ሌላ ማን ያጥብልሃል፣ ዝርክርክ!»
የባሌን ሸሚዝ አለበስኩት። እጅጌው አጥሮት መሳቂያ ሆኗል።
የባሌ እህት ባዶውን ሚስማር አይታ «እሰይ! ሐዘኑ ወጣልሽ!» አለች። ወጣልኝ?
ሰማዩ ጥርት ብሏል። ልብሱ ሁሉ ገና በጠዋቱ ደረቀ።
አስጠሊታ ሰማይ።