አሲያን ማን ጠየቃት?

ጥቅምት 5
ልብስ አጠብኩ። ደረቀ። አጠፍኩ። አሲያ ሆዷ ገፍቷል፣ ጎንበስ ማለት አቅቷታል። ከውጫሌ ወደ ሐይቅ የመጣሁት እህቴን ላግዝ ተብሎ ነው። ትምህርቱን ከሰባተኛ ተውኩት... ለነገሩ አትተዪ ያለኝስ ማን ነበር? የባሏ እናት እት ስህን ዛሬም «ይቺ ልጅ ምላስ የላትም እንዴ?» አለች። አለኝ። እሷ ተራ አትሰጥም እንጂ።

ጥቅምት 9
ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።
እት ስህን ሕፃኗ በቅጡ ሳትጠቀለል «ኑሪያ! የኔ ኑር!» አለች። አባዬ ከውጫሌ ደወለ። «ጸዳል በሏት፣ የእናቴ ስም አይጥፋ» አለ። የአሲያ ባል ባድሩ ለእናቱ «እሺ እማ»፣ ለአባዬም በስልክ «እሺ አባባ»። አንድ አፍ፣ ሁለት እሺ። እህቴ ያገባችው ይሄን ነው።

ጥቅምት 12
ሳሎኑ የብርሃን ስብሰባ ሆኗል። የባድሩ ወንድም ኡበይድ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ስልኩን እያነበበ ገባ። የብርሃን ተመሳሳይ ቃላት ከነትርጉማቸው አግኝቷል። አዋቂ!
«ስሙ! ጸዳል፣ ደምቆ የሚያበራ ብርሃን። ወጋገን፣ ፀሐይ ሳትወጣ ሰማዩ ላይ የሚታየው። ነጸብራቅ፣ ከሌላ ነገር ላይ ተመልሶ የሚመጣ...»
ነጸብራቅ ባድሩ። ጠርተዋት ሳይጨርሱ ይመሻል። በሆዴ ሳቅኩ።
«ኑርስ የለበትም?» አለች እት ስህን።
«ኑርማ አረብኛ ነው እማ።»
«ታዲያ በአረብኛ ሲሆን አያበራም?»
እዚህ ላይ እውነቷን ነው። አልነገርኳትም።
አሲያ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች። አራስ ናት፣ አርባ ቀን አትወጣም። ሁሉንም ትሰማለች። ይሄን ሁሉ የብርሃን ዓይነት የሚያውቁ ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ ወደ መጋረጃው አልዞሩም። እኔስ? እኔም ሻይ ሳመላልስ ነበር።

ጥቅምት 15
ሰባተኛ ቀኗ። በግ ታረደ። አባዬም መጣ። ሸህ ሰዑድ ስሟን ጠየቁ።
«ኑሪያ» እት ስህን። «ጸዳል» አባዬ። እኩል ነው ያሉት። ሸሁ ባድሩን አዩት። ባድሩ በጉን አየ። የታረደውን በግ!
«ሁለቱም ብርሃን ነው፣ ሁሉም በወደደው ይጥራት» አሉና ዱዓ አደረጉ። አሚን ተባለ፣ ተበላ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚታለፈው። ሰው በየዘመዱ ቤት ሌላ ስም አለው። እኔን ዋሲላን አክስቴ እስከ ዛሬ ሳጂዳ ነው የምትለኝ። ማንም ቅር አይለው። ደግሞ ማንም አይወስን።

ጥቅምት 27
ቀበሌ ግን በዱዓ አይታለፍም። አንድ ስም ብቻ ጻፉ ብሎ ቅጽ ሰጠ። ባድሩ ጠዋት ቅጹን ጭኔ ላይ አስቀመጠው።
«ጽሕፈትሽ ያምራል፣ አንቺ ሙዪው።»
«ስሟንስ፣ አያ ባድሩ?»
«የመሰለሽን። እኔ አላየውም፣ አጥፌ ነው የምሰጣቸው። እማ ብትጠይቀኝ ዋሲላ ናት የጻፈችው እላለሁ። አንቺን ምን ትልሻለች? ልጅ ነሽ።»
ሠላሳ ዓመቱ ነው። ፂም አለው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጀርባ ይደበቃል።
የአባት ስም ጻፍኩ። የእናት ስም ጻፍኩ። የሕፃኗ ቦታ ባዶ... ኑሪያ ብል አባዬ ያዝናል። ጸዳል ብል እት ስህን ዕድሜ ልኳን ትነዘንዘኛለች። እኔስ በምን መብቴ?
ተነሣሁና መጋረጃውን ገለጥኩ።
«እታለም፣ ምን ልበላት?»
«ማንን?»
«ልጅሽን። ስሟን ምን ብዬ ልጻፍ?»
አፍጥጣ አየችኝ። ከወለደች አሥራ ዘጠኝ ቀኗ፣ የጠየቃት ሰው የለም። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። ሳቀች።
ከራስጌዋ በላይ ቆርቆሮው ላይ የሚስማር ቀዳዳ አለ። ከዚያ አንድ ቀጭን ብርሃን አልጋዋ ላይ ወርዶ ነበር። ሕፃኗን ዓይኗ ላይ እንዳያርፍባት ጠጋ አደረገቻት።
«እኔ ጋ የምትገባው ይቺ ብቻ ናት» አለች። «ሌላው ሁሉ ሳሎን ነው የሚቀረው። ጮራ በያት።»
ጮራ ባድሩ። ጻፍኩ። «ራ»ዋ ትንሽ ተንጋዳለች። ይሁን።

ኅዳር 6
የልደት ወረቀቱ ከቀበሌ መጣ። ኡበይድ ጮክ ብሎ አነበበው።
«ጮራ ደግሞ ማን ናት?» አለች እት ስህን።
ባድሩ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ፈጥኖ! ተዘጋጅቶበት ነበር። «ዋሲላ ናት የጻፈችው።»
«ይቺ ድዳ?»
«አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ያወጣችው ግን አሲያ ናት። ይሄን ሁሉ ቀን ስትመካከሩ እሷን ማን ጠየቃት?»
ይሄን እኔ አልኩ? እኔ ነኝ ያልኩት።
እት ስህን ወደ መጋረጃው ጮኸች። «አሲያ! እውነቷን ነው?»
«እውነቷን ነው እማ። አንቱ ኑሪያ ይበሏት። አባዬም ጸዳል ይበላት። ስሟ ግን ጮራ ነው።»
ባድሩ ጫማውን ያይ ነበር።

ኅዳር 9
እት ስህን ሦስት ቀን አኮረፈች። ለእኔ አንድ ቃል የለም። ዕረፍት! ሕፃኗን ኑሪያ ትላታለች፣ እኔ አጠገቧ ስሆን ደግሞ ጮክ ብላ። የወር ልጅ ምን ታውቃለች፣ ለማናችንም አትዞር።
ዛሬ ግን ገንፎ አገንፍታ መጋረጃው ጋ ሄደች።
«አሲያ፣ በርበሬው ይብዛልሽ ይነስ?»
ጠየቀች! ማማሰያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።
«ይነስ እማ» አለች አሲያ።
አነሰ።