ከፋብሪካ ያለ መተርኮሻ ስለወጣችው መኪና

ለተከበሩ የነባር ተሽከርካሪዎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎን እንዳላመመዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ በሰባት ወር ምልልሴ ከወንበርዎ ተነሥተው ያየሁዎት አንድ ቀን ብቻ፣ እሱም መስኮት ለመዝጋት ነበርና። እኔ ሠላሳ ዓመት ቁስል ሳጥብ የኖርኩ ጡረተኛ ነርስ ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አቅለሽልሾኝ አያውቅም ነበር፤ ይህን የጎደለኝን ልምድ ጽሕፈት ቤትዎ ስላሟላልኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ጉዳዩን እርስዎ ቢረሱት እንኳ አንባቢ እንዲያውቀው ከሥሩ ልጀምር። አባቴ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። በጉልምስናቸው የአንድ መሬት ቀያሽ ሾፌር ነበሩ። ቀያሹ አዲስ መኪና ከፋብሪካ ሲያዝዙ ቅጹን የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው፣ «ቀኑን ሙሉ የምትቀመጥባት አንተ ነህ፤ አንተው ምረጥ» አሏቸው። አባቴም መረጡ፦ ቀለሟ ቡናማ፣ ጣሪያዋ በሸራ የሚከፈት፣ የፊት ወንበሯ ሳይከፈል አንድ ወጥ፣ በሁለቱ የፊት መብራቶች መካከል ደግሞ ሦስተኛ መብራት ያላት። ቀያሹ የጨመሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሲጋራ ሽታ ስለማይወዱ መተርኮሻ እንዳይገጠም አዘዙ። ኋላ ዓይናቸው ደክሞ ሥራቸውን ሲተዉ መኪናዋን ለአባቴ አወረሷቸው። ዛሬ አባቴ አንዳንድ ቀን በስሜ ፈንታ በእህታቸው ስም ይጠሩኛል፤ የዚያን ቅጽ መስመሮች ግን ከላይ እስከ ታች አንዲት ሳያዛንፉ በቃላቸው ይወጡት ነበር።

ጽሕፈት ቤትዎ ከፋብሪካ እንደወጣች ያልቆየች አሮጌ መኪና ሁሉ ታርጋዋ ተነሥቶ ለብረት ማቅለጫ ትሰጥ የሚል መመሪያ ሲያወጣ፣ የእኛዋም ለምርመራ ቀረበች። ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ከወረፋ ወረቀቶችዎ እንደተረዳሁት ቁጥር ይወዳሉ።

አንደኛ፣ መርማሪዎ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረው ካዩ በኋላ ቀለሟ ተቀይሯል፣ ጣሪያዋ ተቀዷል፣ መብራት ተጨምሮባታል፣ መተርኮሻዋም ተነቅሏል ብለው ጻፉ። ያልነበረ መተርኮሻ መነቀሉን የሚያይ ዓይን ለተራ ሰው አልተሰጠምና እንዲህ ያለ ባለሙያ ስላለዎት እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ፣ የማዘዣው ቅጂ መኪናዋ አገር ከገባችበት ቀን ጀምሮ በእናንተው መዝገብ ቤት ነበር። ገብቼ እንድፈልግ ስለፈቀዱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ክፍሉ ቀድሞ መጸዳጃ ቤት እንደነበር ግድግዳው ላይ ከቀሩት ቧንቧዎች ተረዳሁ፤ ሽታው ግን ሌላ ማስረጃ የሚሻ አልነበረም። የሰው ንብረት ሰነድ እርጥብ ወለል ላይ ተቆልሎ አብጧል። አንዱን ባነሣው የሞተ አይጥ ተለጥፎበት አብሮ ተነሣ። የእኛን ፋይል ሽፋን ግን አገኘሁት፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ ተቀምጦበት ነበር። ውስጡ ባዶ ነው። ወረቀቶቹ የት ደረሱ ብዬ ብጠይቅ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጫማቸውን የሚወለውሉበትን ወረቀት ገልብጠው ካዩ በኋላ የእኛ አለመሆኑን በትሕትና አረጋገጡልኝ።

ሦስተኛው፣ ክቡር ሆይ፣ ቁጥር የሚበቃው አይደለም። ሰነድ ሲጠፋ ምስክር አምጪ አሉኝ፤ አባቴን አመጣሁ። የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ክንዴን ተደግፈው፣ ያቺን ዝርዝር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፊትዎ ተናገሩ። እርስዎም ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ ከመኪናዋ ይልቅ ዕቃው የተቀያየረው የእርስዎ ጭንቅላት ነው» አሏቸው። ሰዉ ሳቀ። አባቴም ጨዋ ናቸውና አብረው ሳቁ። ቤት ስንደርስ ኮታቸውን ሳወልቅላቸው ግን ቀስ ብለው፣ «ለመሆኑ ቡናማ ነበረች?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የመኪናዋን ነገር አላነሡም።

እኔም ወደ ፋብሪካው ጻፍኩ። ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አሮጌ መዝገቡን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ብቻ ቀርተዋል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መልስ ሰጡኝ። የዚያ ዓመት መዝገብ በእሳት መውደሙን ነግረው፣ እሳቱን ራሳቸው የለኮሱት ይመስል ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ባሕር ማዶ ያለ፣ ያላየሁትና ያላየኝ ሰው። ቀጥለውም ሠራተኞቹ በየመኪናው የሚገጠመውን የሚያዩበትን ወረቀት የኋላ ወንበር ሞላ ውስጥ ሸጉጠው ይረሱት ስለነበር እዚያ እንድፈልግ መከሩኝ።

የመኪና ወንበር ሰፊ ጠርቼ መቀመጫውን አስፈታሁ። በሞላዎቹ መካከል ዝገት የበላው፣ አራት የታጠፈ ወረቀት ተገኘ። የሻንሲ ቁጥሩ የእኛ ነው። ቀለሙ፣ ጣሪያው፣ ወንበሩ፣ ሦስተኛው መብራት ሁሉ ተዘርዝሯል። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ መተርኮሻ በገዢው ጥያቄ እንዳይገጠም ይላል። ወንበር ሰፊው፣ አባቴ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሰማ ሰው ነውና፣ መቀሱን አስቀምጦ፣ «አንዲት ቃል አልሳቱም እኮ» አለኝ።

አራተኛ፣ ይህን ወረቀት ይዤ ስመጣ ማኅተም የለውም ብለው መለሱኝ። ከአምሳ ዓመት በላይ ቤተሰብ በሙሉ ተቀምጦበታል፤ ከዚህ የከበደ ማኅተም የት እንደሚገኝ አላውቅም።

አምስተኛውን ተጸይፌ ትቼዋለሁ።

ደግነቱ ከእርስዎ በላይ ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ነበር። ከኮሚቴው አንዱ፣ ያረጁ መሐንዲስ፣ ወደ ግቢው ወርደው መሬት ላይ ተንጋለሉና ወረቀቱን ከመኪናዋ ጋር መስመር በመስመር አመሳከሩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት ተብሎ ተወሰነ። ከእርስዎም «የታየው ልዩነት ተስተካክሏል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ልዩነቱን ማን እንዳየው፣ ማንስ እንዳስተካከለው ባለመጻፍዎ ያሳዩት ትሕትና የሚደነቅ ነው።

በዚያው ቀን አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ወረቀቱን አነበብኩላቸው። በየመስመሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጨርስ፣ «እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኒህ ሰው ስለዚያች መኪና ሲናገሩ «ነው» እንጂ «ይመስለኛል» ብለው አያውቁም ነበር። ዛሬ ስለ ሁሉም ነገር እንዲሁ ይላሉ። ሻይ ሳቀርብላቸው፣ ስኳር የማይወዱ እንደሚመስላቸው ይነግሩኝና እውነት መሆኑን ከፊቴ አይተው ይጠጣሉ። ታርጋችንን መልሳችኋል። ይህችን «ይመስለኛል» መልሳችሁ የምትወስዱበት መስኮት ስንተኛው እንደሆነ ግን የሚያመለክት ጽሑፍ አላገኘሁም።

ዕድሜን ከጤና ጋር አብዝቶ ይስጥዎ። ሲያረጁም «እኔ እኮ ኃላፊ ነበርኩ» ሲሉ የሚያምንዎት አንድ ሰው እንዲያቆይልዎ ከልብ የምመኝ፣ በታላቅ አክብሮትና በዚያው ልክ በሆነ ጥላቻ፣

የሾፌሩ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ በጽሕፈት ቤትዎ ካሉት ቅጾች መካከል የይቅርታ ቅጽ ባለመኖሩ አንድ አዘጋጅቼ አያይዣለሁ። ሁሉም ተሞልቷል፤ የቀረው ፊርማዎ ብቻ ነው። በእጅዎ ይዘው ቢመጡ ደጃችን ወረፋ የለም። ቢዘገዩ ግን አባቴ ማን እንደሆኑ ላያውቁዎት ይችላሉ፤ እኔ አውቅዎታለሁ።