ለአቶ ኤቶኒያ ናንዳኩ ወንዙ መቶ ቀን ይዘጋል

አቶ ኤቶኒያ ናንዳኩ ከአባታቸው ከአቶ ኢሶአ ናንዳኩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሴና እ.ኤ.አ. በ1951 በዋይንዳሙ ወንዝ ዳር፣ በኮሮቩላ መንደር ተወለዱ። ያን ቀን ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ ከማዶ መሻገር ስላቃታት፣ ሕፃኑን የተቀበለችው አክስታቸው፣ የእኔ የዋይሳኬ እናት ናት። ይህ ሁልጊዜ ስለሚዘለል እዚህ ይጻፍ።

በመንደራችን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ቤተ ክርስቲያን አንድ ተማሪ ብቻ ወደ እርሻ ትምህርት ቤት ስትልክ እሳቸው ተላኩ፤ እኔ ከአሳማዎቻችን ጋር ቀረሁ። ከ1970 ጀምሮ በዋና ከተማችን በሱቫ ወደብ ሠሩ። በ1976 ወይዘሮ ማካሬታን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። አባታቸው ሲታመሙ ወደ መንደር ተመልሰው፣ በ1991 የመንደር ሹም ሆነው ተመረጡ። እኔም ተወዳድሬ ነበር።

ያኔ የወንዛችን ዳር በአሳማ ተቆፍሮ ውሃው ደፍርሷል። ሴቶቻችን ጠልቀው የሚለቅሙት ካይ፣ ያ ባለ ዛጎል ምግባችን፣ አንሶ ጥፍር አክሎ ነበር። ወጣቱ ወደ ከተማ ስለፈለሰ ትምህርት ቤቱ አሥራ አንድ ልጆች ብቻ ቀርተውት ሊዘጋ ነበር። አቶ ኤቶኒያ ሸንጎ ፊት ቆመው “ወንዙን እንዝጋው፣ ይረፍ፣ ካዩም ይርባ” አሉ። በደንባችን ግን ወንዝ የሚዘጋው የባላባት ዘር ሲሞት ብቻ ነው፤ ምሰሶ ይተከላል፣ መቶ ቀን ማንም ከውሃው አይለቅምም።

የአክስትና የአጎት ልጆች እስከ መቃብር መቀላለድ ደንባችን ስለሆነ፣ ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

“ማን ሞቶ ነው አንተ ሰውዬ፣ ወንዛችንን የምትዘጋው?”

“ያንተ አሳማዎች ቢሞቱልኝ ዓመት እዘጋላቸው ነበር” ብለው መለሱ።

ሸንጎው በሳቅ ያንጎናውን፣ ያን የሸንጎ መጠጣችንን፣ ደፋ። ወንዙ አልተዘጋም፤ እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ባለፍኩበት ያችው የአሳማ ቀልድ ትደገምብኝ ነበር።

በ1998 ባላባታችን ሲያርፉ ወንዙ ተዘጋ። ምሰሶ መትከል የእኛ የዓሣ አጥማጆቹ ቤተሰብ ሥራ ነው። “ዋይሳኬ አሳማዎቹን ሳያጥር ምሰሶ አይነካም” ተብሎ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እንዲህ ያሉት አቶ ኤቶኒያ ናቸው። በቀብር ቀን ቂም አይወራም፤ አላወራም።

በመቶኛው ቀን ሴቶቹ ያወጡት ካይ መዳፍ ያክል ነበር። ወይዘሮ ማካሬታ አንዱን ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀምጠው “እንግዲህ ተራ በተራ እየሞታችሁ ልታበሉን ነው ወይስ በቁማችሁ ትዘጉልናላችሁ?” አሏቸው። በዚያው ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ የወንዙ ላይኛው ክፍል ማንም ሳይሞት በየዓመቱ ይዘጋል። እኔም አሳማዎቼን አጠርኩ፤ የአጥሩን ጉድጓድ ሦስት ቀን አብረውኝ የቆፈሩት እሳቸው ናቸው፣ ይህን አልክድም። ዳሩ ቀርከሃ ለበሰ፣ ካዩ ገበያ ወጣ፣ የሄዱትም ተመለሱ። ዛሬ የሚዘምሩልን የትምህርት ቤቱ ልጆች ስድሳ አራት ናቸው።

አቶ ኤቶኒያ በስኳር ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ልጠይቃቸው ገባሁ።

“ዋይሳኬ፣ አሳማዎችህ እንዴት ናቸው?”

“ካንተ ይሻላሉ።”

እስኪያስላቸው ሳቁ። መጋቢት 9 ቀን 2024 በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ሸንጎ ላይ ወንዙ ይዘጋላቸው ብዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ። አንድ ሽማግሌ “የባላባት ዘር አይደለም እኮ” ብሎ ጀመረ። “ማን ሞቶ እያልን ስንጠይቅ ኖረናል። ይኸው፣ ኤቶኒያ ሞተ” አልኩ። ሸንጎውም ይዘጋ አለ።

ከቀብር በኋላ ሁላችንም ወደ ወንዙ እንወርዳለን። ምሰሶውን የምተክለው እኔ ነኝ። ወይዘሮ ማካሬታ እንደነገሩኝ፣ ሟቹ አስቀድመው “ዋይሳኬ ይትከለው፣ አጥሩ ጥሩ ነው” ብለው ነበር።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸውን ጌታ ያጽናልን። ወንዙን የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን በማይደፈርስ ውሃ ዳር ያሳርፍልን። በመቶኛው ቀን ቅርጫታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ግብዣው የእሳቸው ነው።