የአስታማሚ ስልክ ቁጥር

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

አርባ ሁለት አውቶቡስ ሸኘሁ። አንዱንም አላየሁም። የመናኸሪያው ማይክ ክፍል መስኮት የሚያሳየኝ ግድግዳና አንድ የተጣለ ጎማ ነው። "የአሥራ አንድ ቁጥር ተሳፋሪዎች፣ ሦስተኛው በር..." አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ። ሾፌሮቹ ደወሏ ይሉኛል። ትኬት ቆራጩ ዛሬ፣ "ደወሏ፣ ድምፅሽ ሻከረብኝ፤ ማን አስቀየመሽ?" አለኝ። ብርድ ነው አልኩት።

ብርድ አይደለም። እንቅርቱ ነው። በሻርፕ መሸፈን ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። ከማን እንደምደብቀው እንጃ... የሚያየኝ ያው ግድግዳው ነው።

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ

ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ። መውጣት አለበት፤ የመተንፈሻ ቧንቧዬን እየተጫነ ነው። ማክሰኞ። "የድምፅዎ ነርቭ በሥሩ ነው የሚያልፈው። እንጠነቀቃለን፤ ግን ቃል አልገባልዎትም።" የማይዋሽ ሐኪም ጥሩ ነው ይባላል። እኔ ትንሽ ቢዋሸኝ ደስ ባለኝ።

ድምፄ ከሄደ ምን ይቀረኛል? ባል የለ፣ ልጅ የለ። እናቴን ቀብሬያለሁ። ታላቅ እህቴ አለች... እትዬ። ግን አለች ይባላል?

እናታችን የተቀበረች ዕለት ከሰዓት ሥራ ገባሁ። ተተኪ ጠፍቶ አይደለም። ባዶ አልጋዋን እያየሁ መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ይህን ለእትዬ አልነገርኳትም፤ ለዚህ ደብተር ብቻ። እሷ ልትፈልገኝ መናኸሪያ መጥታ ድምፄን ሰማች። "አፈሩ ሳይደርቅ ማይክ ጨበጥሽ! አንቺ ልብ የለሽም፤ ጉሮሮ ብቻ ነሽ!" እኔም መለስኩላት። ያልኩትን እዚህም አልጽፈውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሳንነጋገር አራት ዓመት ሆነን።

ጥቅምት 12፣ ሰኞ

ሆስፒታል ገባሁ። አልጋ ቁጥር አምስት። ነርሷ ቅጽ ሰጠችኝ፤ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። ስም። ዕድሜ... ሃምሳ አንድ። አስታማሚ። የአስታማሚ ስልክ ቁጥር።

"ይሄን ባዶ መተው አይቻልም እናቴ። ከቀዶ ሕክምናው ሲወጡ የምንደውልለት ሰው ያስፈልጋል።"

የእትዬን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት አሃዝ ጻፍኩና ሰረዝኩ። ምን ልላት ነው? ሳልታመም ያልፈለግኋትን ስታመም? አስታማሚ የሚለው ላይ "እህት" አልኩ፤ ቁጥሩን የራሴን ጻፍኩ። ነርሷ ሳታየው ወሰደችው። ብልጥ ነኝ አልኩ በልቤ።

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ሊወስዱኝ ነው። ቀድሜ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ፣ በቀስታ፣ "የአሥራ አንድ ቁጥር ተሳፋሪዎች፣ ሦስተኛው በር" አልኩ። የመጨረሻዬ ከሆነ ብዬ። ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው፣ "እኔን ነው?" አለ።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

አለሁ። ጉሮሮዬ አሸዋ የዋጥኩ ይመስላል። አንገቴ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከጎኑ ደም የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ አለ። መናገር ክልክል ነው፤ የምፈልገውን ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፌ አሳያለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ... እንግዲህ ሀብታም ሆንኩ።

ነርሷ የትናንቱን ነገረችኝ። አልጋዬ ላይ ካስተኙኝ በኋላ ደህና መውጣቴን ሊነግሯት ለ"እህቴ" ደወሉ። ስልኩ ከአልጋዬ ሥር፣ ከገዛ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። የአልጋ ቁጥር አራቷ ሴትዮ ከነጠያቂዎቿ ሳቁ አሉ። ነርሷ ግን ስትነግረኝ አልሳቀችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ "እናቴ፣ ሰው የለዎትም?" አለችኝ።

"ሥራ ቦታ ናት" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት በጽሑፍም አያፍርም።

ከሄደች በኋላ አለቀስኩ። ሲያለቅሱ ስፌቱ ይስባል። ለማልቀስም ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ

አራት ቁጥሯን ዛሬ ዘጠኝ ሰው ጠየቃት። ሌላ ምን ሥራ አለኝ፤ ቆጠርኩ። ልጇ ከእናቷ ሾርባ ለእኔም በኩባያ ቀዳችልኝ። "ይጠጡ፤ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው።" ጠጣሁ። ደግነቷ ከስፌቱ ይልቅ አመመኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

ቱቦው ወጣ። ሐኪሙ፣ "እስቲ 'አ' ይበሉ" አለ። አፌን ከፈትኩ። ነፋስ... ነፋስ ብቻ።

"አንዱ የድምፅ አውታር አልተንቀሳቀሰም። በሳምንትም በስድስት ወርም ሊመለስ ይችላል።"

ላይመለስም ይችላል የሚለውን እኔው ጨረስኩለት።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

ወደ ቤት። ብቻዬን። ለባለታክሲው አድራሻዬን በወረቀት አሳየሁት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ አወራኝ። መልስ ሲያጣ፣ "ኩራተኛ ነዎት" አለኝ። ቤቱ እንደተውኩት ነው። የሰኞ ኩባያዬ እንኳ ሳይታጠብ ይጠብቀኛል።

ጥቅምት 19፣ ሰኞ

ማንም አልደወለም። ቢደውሉስ በምን አፌ ላወራቸው? በእኔ ቦታ አንዲት ወጣት ገብታለች። አውቶቡሶቹ እንደሆኑ ይነሳሉ። ደወሏ ኖረች አልኖረች ማን ልብ ይላል... ሆድ ባሰኝ። ተኛሁ።

ጥቅምት 22፣ ሐሙስ

ከሰዓት በር ተንኳኳ። "ማነው" ማለት ስለማልችል ዝም ብዬ ከፈትኩ።

እትዬ። ላብ በላብ ሆና። ሸብታለች። ፋሻዬን አየች። እጇን ወደ አንገቴ ዘረጋችና መለሰችው።

"ሁለት ሐሙስ!" አለች። "ሁለት ሐሙስ ሙሉ በማይኩ ሌላ ሰው! የሞትሽ መስሎኝ እኮ ነው! ዛሬ አላስቻለኝም፤ ትኬት ቆራጩን ያዝኩት። ሆስፒታል ነበረች አለኝ።"

ደብተሩን አንስቼ፣ "ሐሙስ ሐሙስ መናኸሪያ ምን ትሠሪያለሽ?" ብዬ ጻፍኩ። የሷ አውቶቡስ በደጇ ነው የሚያልፈው፤ መናኸሪያ የሚያደርሳት ጉዳይ የለም።

መነጽሯን ፈልጋ አነበበችው።

"አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። አንቺ ትጠሪያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። ደህና ናት እላለሁ... ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።"

አራት ዓመት። ከግድግዳው ወዲያ። እኔ ጎማውን ሳይ።

ከዚያማ ተቆጣች። ደረቅ አለችኝ፣ ትዕቢተኛ አለችኝ፣ "እናታችንን ቁርጥ!" አለችኝ። ጉሮሮ ብቻ ነሽ ስላለችኝ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እኔም የኔን አላነሳሁም። ግን "የዚያን ቀን ባዶ አልጋዋን ማየት አቅቶኝ ነው" ብዬ ጻፍኩላት። አነበበች። ደብተሩን ዘግታ ኩባያዬን አጠበች። ከዚያ ሾርባ ጣደች። ጨው በዝቶበታል። ጨርሼ ጠጣሁት።

ጥቅምት 27፣ ማክሰኞ

የክትትል ቀን። "አ" ይበሉ ተባልኩ፤ ከነፋሱ ውስጥ አንድ ሻካራ ነገር ወጣ። ድምፅ ነው! ሐኪሙ ፈገግ አለ። "ለማይክ ግን አይሆንም። ምናልባትም ከእንግዲህ አይሆንም።" አመመኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው... አለቃዬ ትኬት መስኮት ላይ ልመድብሽ ብሎኛል። ቢያንስ ሰው ያሳያል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት አግዳሚ አለ።

ያቺው ነርስ አዲስ ቅጽ ሰጠችኝ። አስታማሚ። ስልክ ቁጥር። አሥሩንም አሃዝ ጻፍኩ። ሳልሰርዝ።

ቅጹን አየች፤ እኔን አየች። "ሥራ ቦታ ያለችው እህት?" ብላ እዚያው ደወለች፣ ዓይኗን ከቦርሳዬ ሳትነቅል።

ስልኩ ከበሩ ውጭ ጮኸ።

"አቤት!" አለች እትዬ፣ ኮሪደሩ በሙሉ እስኪሰማ። "አቤት፣ እዚሁ ነኝ!"

ከቤታችን ጉሮሮ ያለኝ እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ።