ስለ ቡላው ሳላስጨርስሽ

እማዬ፣

ከተለየሽን አሥራ አራት ወር ሆነ። ሌሞ ያለው ቤትሽ አልተዘጋም፤ ታናሽ እህትሽ ገብታበታለች፤ የጓሮሽንም እንሰት እንደ ራሷ ትንከባከበዋለች። እኔም እዚሁ ሆሳዕና ዳጣ አዘጋጅቶ መሸጡን ቀጥያለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን በሕይወት ሳለሽ ልነግርሽ ይገባኝ የነበረውን ነው።

ዳጣዬ ጠርሙስ ውስጥ በገባ በማግስቱ ውሃው ከላይ፣ በርበሬው ከታች እየሆነ መከራዬን ያሳየኝ ጊዜ ነበር። ጭንቀቴን ሰምተሽ፣ ያን የሚያምሽን ጉልበት ይዘሽ በጋሪ መጣሽ። ከጓሮሽ እንሰት አውጥተሽ በቅጠሉ የጠቀለልሽውን ቡላም ጠረጴዛው ላይ አኖርሽ። አንድ የሆቴል ባለቤት ዳጣዬን ሊቀምስ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። አንቺም ሀዲይኛ በሚጎትተው አማርኛሽ ቡላ እንዴት ዳጣ እንደሚያወፍር ታስረጂው ጀመር። እኔ አፈርኩ። በቡላውም አፈርኩ፣ በአነጋገርሽም አፈርኩ።

«እማዬ፣ ይሄ ገንፎ አይደለም! ተይው በቃ» አልኩሽ።

ሻይሽን ሳትጨርሺ ተነሳሽ። እስከ ጋሪው እንኳ አልሸኘሁሽም። ቡላውን ለጎረቤት ሰጠሁት። እሁድ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ ስል አንዱን እሁድ ሥራ፣ ሌላውን ዝናብ ያዘኝ። በሦስተኛው ሳምንት ማረፍሽን ደውለው ነገሩኝ።

ከቀብርሽ በኋላ በስንዴ ዱቄት ላወፍረው ሞከርኩ፤ ዳጣው ዱቄት ዱቄት አለ፣ መልኩም ደበዘዘ። በመጨረሻ ገበያ ወጥቼ ቡላ ገዛሁና የሚፈላው ድስት ላይ በተንኩት። ወዲያው ጓጎለ። ማማሰያውን እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ። ይሄንን ነበር እኮ ልትነግሪኝ የመጣሽው፤ ያላስጨረስኩሽ እኔ ነኝ።

ሌሞ፣ ቤትሽ ያለችው አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ አጥልይው፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሰሽ፣ እያማሰልሽ በቀጭኑ ጨምሪበት፣ እስኪያብረቀርቅም አብስይው አለችኝ። ይህን ያሳየሻት አንቺ መሆንሽንም ነገረችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። ዳጣው ወፈረ፣ ቅላቱም አልጠፋም፤ ከሳምንት በኋላ ጠርሙሱን ባየው ጠብታ ውሃ እንኳ አልተለየም። ያኔ እጄ ስልኬን አነሳ። ለካ ልደውልልሽ ኖሯል።

እማዬ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከአንጋጫና ከዶዮገና ሴቶች ይህንኑ ሊማሩ ይመጣሉ። የማን ሙያ እንደሆነ ስምሽን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ። ያን ቀን ሰው ፊት እንዴት እንዳሳፈርኩሽም አልደብቃቸውም። እኔን የሚያዩኝ ሁሉ አንቺንም እንዲያውቁሽ አደርጋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ይህን አልተውም። ከመካከላቸው እናቷን አስከፍታ የመጣች ካለች ግን ትምህርቱ ይቆይላት፤ እኔው ራሴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ ወደ እናቷ አሳፍራታለሁ።

ልጅሽ