ለማሳለፍ የተፈቀደ፣ ለመብላት የተከለከለ ልብስ

ለተከበሩ ሚስተር ቪራፍ ካራንጂያ
የ«ጃላታራ» መርከብ የመንገደኞች መስተንግዶ ዋና ኃላፊ
ሙምባይ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎ በሰላም የሚገኝ፣ የከረባትዎም ቋጠሮ እንደ ወትሮው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያላዘነበለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ካርታያኒም በኦታፓላም ከተማ በሚገኘው ቤታችን ደኅና ነን፤ ካለፈው ኦናም ወዲህ በምን ልብስ እንደምንበላ የጠየቀን ሰው ባለመኖሩም ምግቡ ተስማምቶናል።

ክቡርነትዎ በላኩልኝ ደብዳቤ፣ በኦናም በዓል ምሽት በመርከብዎ የእራት አዳራሽ «የልብስ ሥርዓት በመጣስ፣ የመርከቧ ሠራተኛ መስሎ በመቅረብና ከወንበር እንዲነሡ ሲጠየቁ ባለመነሣት» ለፈጸምሁት ጥፋት በጽሑፍ ይቅርታ ካልጠየቅሁ፣ እኔም ሆንሁ ባለቤቴ ዳግመኛ በኩባንያዎ መርከብ እንደማንሳፈር አስታውቀውኛል። የማላያላም ሰዋስው በማስተማር ያረጀሁ ጡረተኛ ርእሰ መምህር እንደመሆኔ፣ ደብዳቤዎን በመጀመሪያ ሐሳቡን ለመረዳት፣ ቀጥሎም ባለቤትና ግሥ የተጣሉባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ለማስታረቅ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። የታረመው ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ይቅርታው ግን አልተያያዘም። ምክንያቱን በተራ ቁጥር ዘርዝሬ የማቀርብ ሲሆን፣ ጉዳዩን ብቻዎን ተሸክመው እንዳይደክሙ በማሰብ አንድ ጋዜጣ ደብዳቤውን አትሞ ለሌሎችም አንባብያን እንዲያደርስልኝ ጠይቄያለሁ።

፩. ስለ ጉዞው ምክንያት፦ በእኛ በኬራላ ሰዎች ዘንድ የመከር በዓላችን የኦናም ማዕድ የሚበላው በቀትር እንጂ በእራት ሰዓት አይደለም። ኩባንያዎ በዓሉን ወደ ማታ በማሸጋገሩ አላማረርንም፤ ፀሐይን ማዘዝ የተሳነው ኩባንያ ቢያንስ ምሳን ማዘዝ መቻሉን በአድናቆት ተመልክተነዋል። የተሳፈርነው ግን ለሌላ ጉዳይ ነበር። ካርታያኒ ከተጋባንበት ዓመት ጀምሮ ኦናም በመጣ ቁጥር ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ኮኮናት ስትፈቀፍቅና ድስት ስታማስል ትውላለች፤ እንግዶች፣ ወንዶችና ልጆች በየተራ በልተው ከተነሡ በኋላ እርሷና ሌሎቹ ሴቶች የተረፈውን ቀዝቃዛ ሩዝ ማድቤት ውስጥ ይቋደሳሉ። የአገሩ ልማድ ነው። ዘንድሮ ጉልበቷን ሲያማት ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ማሽ፣ አንድ ኦናም እንኳ ከጎንዎ ተቀምጬ ትኩሱን ልብላ። ከዚያ በኋላ ድስቱን ተመልሼ አማስላለሁ፤ አይፍሩ።» ማሽ ማለት መምህር ማለት ሲሆን፣ ባለቤቴ በዚህ ስም የምትጠራኝ ስታከብረኝም ስትቀልድብኝም ነው። ምኞቷ ከጎኔ መቀመጥ ብቻ ነበር። የኩባንያዎ ማስታወቂያ «ኦናምን በባሕር ላይ፣ ከነሙሉ ክብሩ!» ይል ስለነበር ከኮቺ ወደብ ተሳፈርን።

፪. ስለ ልብሱ፦ በኦናም ቀን ሰው ከቤተሰቡ የተሰጠውን አዲስ ልብስ ይለብሳል፤ አውልቆ ሌላ መልበስ ሰጪውን እንደ መግፋት ይቆጠራል። ካርታያኒ የሰጠችኝ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ነጭ ሙንዱ ነበር። እርሷም ከዚያው ሸማኔ፣ ከዚያው ድርና ማግ የተሠራ ሳሪ ለበሰች። በአዳራሽዎ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን ክቡራን ሙሉ ልብስ ከከረባት ጋር፣ ክቡራት ደግሞ የምሽት ቀሚስ ወይም «ባለ ወርቅ ጠርዝ ባህላዊ ሳሪ» እንዲለብሱ አዝዞ፣ ቁምጣን፣ የዋና ልብስን፣ ፒጃማንና ሽርጥን በጥብቅ ይከለክላል። አንዱ ጨርቅ በሚስቴ ላይ ሲሆን ባህል፣ በእኔ ላይ ሲሆን በዋና ልብስና በፒጃማ መካከል የሚሰለፍ ነውር የሚሆንበትን ጥበብ ለማወቅ ብዙ ደክሜአለሁ። ሽርጥ ሰው ገላውን ታጥቦ ሲወጣ የሚያገለድመው ነው። በሙንዱ ግን እኛ እንዳራለን፣ ለምስክርነት እንቆማለን፣ ሚኒስትሮቻችንም ቃለ መሐላ ይፈጽሙበታል። እነዚህ ሚኒስትሮች በመርከብዎ ለመጓዝ ቢያስቡ ሱሪ ይዘው እንዲመጡ አስቀድመው እንደሚያሳስቡልን ተስፋ አደርጋለሁ።

፫. በበሩ ላይ ስለተደረገልን እንክብካቤ፦ የአዳራሹ አዛዥ ሚስተር ሮይስተን በፈገግታ ተቀበሉን፤ ፈገግታቸው ግን ከወገቤ በታች ሲደርስ ደረቀ።

«እሜቴ፣ እርስዎ ይግቡ፤ እንዴት ያምራሉ! አባባ፣ ሽርጥ ለብሶ መግባት ግን አይቻልም። እኔ ምን ላድርግ? የኩባንያ ትእዛዝ ነው።»

ከዚያም ከጀርባቸው ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ለእኔ ዓይነቱ ምስኪን የተቀመጠ አንድ ጥቁር ሱሪ አወጡ። ወገቡ እጅግ ለጋስ ነበር። ካርታያኒ ጨርቁን በጣቶቿ ዘርግታ አየችውና፣ «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ እኔም ከእሳቸው ጋር ብገባ ቦታ ይተርፋል፤ ምናልባት አንድ ላይ የምንበላው በዚህ መንገድ ይሆን?» አለች። ሚስተር ሮይስተን አልሳቁም። ለቀልድ የሚሆን የልብስ ሥርዓት አልተሰጣቸውም ይሆናል።

ሱሪውን አልተቀበልሁም። ከሰጠችኝ ሰው ፊት ስጦታዋን አውልቄ የማላውቀውን ሰው ሱሪ ብታጠቅ፣ አዳራሹ ቢቀበለኝ እንኳ በዓሉ አይቀበለኝም ነበር። ካርታያኒ ምግቡን ትኩስ እንድታገኝ ግቢ አልኋት። «ያለ እርስዎማ ማድቤቴ ምን አጠፋ?» ብላ ተቃወመች፤ ሆኖም ጉልበቷ መቆም ስላልቻለ ወንበር ተሰጥቷት ብቻዋን ገባች። በዚያ ምሽት በልብስ ሥርዓትዎ ምክንያት አንዲት አሮጊት ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጣ በሩን በሩን ታይ ነበር። ለዚህ ታላቅ ሥርዓት መከበር ኩባንያዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

፬. የመርከቧ ሠራተኛ ስለመምሰሌ፦ ክቡርነትዎ በዚህ ረገድ የሚወቅሱኝ በስሕተት ይመስለኛል። እኔ ማንንም አልመሰልሁም፤ የመሰሉኝ እነርሱ ናቸው። በበሩ መስታወት ወደ ውስጥ ስመለከት አሳላፊዎችዎ ሁሉ ባለ ወርቅ ጠርዝ ሙንዱ ለብሰው አየሁ። ልዩነታችን የእነርሱ ወገብ ላይ በመንጠቆ የሚያያዝ መሆኑ ብቻ ነበር፤ ኩባንያዎ ልብሱን ማሰር ማስተማር ከብዶት መንጠቆ መስፋት እንደቀለለው ገምቻለሁ። በዚህ መካከል አንድ ከረባታም መንገደኛ እጁን እያራገፈ ከአዳራሹ ወጣና እኔን ሲያይ ተቆጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቆመህ ትቆዝማለህ እንዴ? የእኛ ጠረጴዛ ፓያሳም ካየ ስንት ዘመኑ ነው!»

ፓያሳም በወተትና በሩዝ የሚሠራ፣ የኦናምን ማዕድ የሚዘጋ ጣፋጭ ነው። ሚስተር ሮይስተን ይህን ሲሰሙ ሰውዬውን ያርማሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እርሳቸው ግን የማስታወቂያውን ጥግ ማስተካከል ጀመሩ። እኔም የመንደራችንን ሥርዓት አሰብሁ። በእኛ ዘንድ በግብዣ ቀን ባልዲና ጭልፋ ይዞ በእንግዶች መካከል የሚመላለሰው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ይህን ክብር ለቅጥረኛ የሚያስረክብ ሰው ይታማበታል። ስለዚህ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁኑኑ ይመጣል» ብዬ በአሳላፊዎች በር ወደ ማድቤት ገባሁ።

ፕራሶብ የሚባል ወጣት አሳላፊ ደንግጦ መንገዴን ዘጋ። «አባባ፣ በዚህ በኩል እንግዳ አይገባም!»

«እንግዳ አይደለህም ተብዬ ነው የመጣሁት። ባልዲውን ስጠኝ።»

«ኧረ ከሥራ ያባርሩኛል!»

«ሽማግሌ ነጠቀኝ በል። ውሸት አይሆንብህም።» ነጠቅሁት። እርሱም ሳቁን አፍኖ ንጹሕ ጭልፋ ጨመረልኝ።

በዚያ ልብስ፣ በዚያ ወገብ፣ በመላው አዳራሽ ተዘዋወርሁ፤ የከለከለኝም የጠየቀኝም የለም። ማዕዳችን የሚቀርብበትን የሙዝ ቅጠል መስሎ የታተመው ወረቀት፣ ጫፉ በስተግራ መሆን ሲገባው በስተቀኝ ተዘርግቶ ስላገኘሁት፣ በየጠረጴዛው ወደ ግራ እያዞርሁ አስተካከልሁ። የኮት እጅጌያቸውን ወጥ ውስጥ ላጠለቁ ክቡራን እጅጌ እንዴት እንደሚጠቀለል አሳየኋቸው። ካፒቴንዎ ሁለት ጊዜ አስጨምረው «ይህ ሽማግሌ ጎበዝ ነው፤ የት አገኛችሁት?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ለምስጋናቸው አጸፋውን እነሆ በጋዜጣ መልሻለሁ።

፭. ከወንበር አልነሣም ስለማለቴ፦ በመጨረሻ ካርታያኒ ዘንድ ደረስሁ። ቅጠሏ ላይ ያለው ምግብ አልተነካም ነበር።

«ዘገዩ» አለችኝ ቀና ብላ። «አሳላፊ እንዲህ ከሆነ እቤትም አልቀጥርዎትም።»

«እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ አወጣሁላት። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ቆሜ፣ እርሷ ተቀምጣ፣ ትኩሱን በእጄ አቀረብሁላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ጭልፋዬን አይታ «አይሰስቱ እንጂ፣ የኩባንያው ነው!» አለች። ከዚያም ባዶውን ወንበር ሳበችልኝ። ባልዲውን አስቀምጬ ስቀመጥ ሚስተር ሮይስተን ደረሱ።

«አባባ፣ በዚህ ልብስ መቀመጥ ክልክል ነው አልኩዎት እኮ!»

እነሆ የሥርዓትዎ ምሥጢር በዚህ ቅጽበት ተገለጠልኝ። በሙንዱ መቆም ይቻላል፤ መሄድ ይቻላል፤ ማላብ ይቻላል፤ ለካፒቴኑ ጎንበስ ማለት እንዲያውም ያስመሰግናል። የተከለከለው መቀመጥ ብቻ ነው። ክቡርነትዎ ልብሱን አልጠሉትም፤ የጠሉት ለባሹ ከእርስዎ እኩል ወንበር ሲይዝ ማየትን ነው። ይህን ስረዳ፣ ሕጉ የልብስ አለመሆኑን ስላወቅሁ፣ አልነሣም አልሁ።

ሚስተር ሮይስተን ጥበቃ እንደሚጠሩ ተናገሩ። ካርታያኒ ሩዙን በጣቶቿ እየለወሰች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለቻቸው፦ «ልጄ፣ በኦናም ቀን ሰው ከቅጠሉ ላይ አይነሣም። ይጨርሱና ታሳስራቸዋለህ። አሁን ግን አንድ ፍላጎት አለን፤ ከዚህኛው ወጥ ትንሽ ጨምርልን።» ጥበቃዎቹ መጥተው ከግድግዳው ሥር ቆሙ፤ ማንም ሊያነሣኝ እጁን አልዘረጋም። ወጡን የጨመረልን ፕራሶብ ነበር። ከጎኗ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ጉርሻ በላሁ፤ ቅጠሌንም እንደ ሥርዓቱ ወደ ራሴ አጥፌ ተነሣሁ።

ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ እንድጠይቅ የተፈለገው ስለዚህ ጉርሻ ነው። ጉርሻው ተውጧል፤ ልመልሰው አልችልም፤ ብችልም አልመልሰውም። በማግስቱ በካቢናችን በር ሥር በተላከልን ወረቀት ለቀሪው ጉዞ ከአዳራሹ መታገዳችንም አላሳዘነንም፤ የመጣንበትን አግኝተን ነበር። እኔ የምጠይቀው በማስታወቂያዎ ላይ «ሽርጥ» የሚለው ቃል ለሙንዱ መከልከያ እንዳይውል በግልጽ እንዲጻፍልን፣ «የመርከቧ ሠራተኛ መስሎ» የሚለው ክስም እንዲሰረዝልን ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ለማንኛውም በር የሚመች ሱሪ አልታጠቅም። በፕራሶብ ላይ አንዳች ቅጣት ቢደርስ ግን ሁለተኛ ደብዳቤ ለመጻፍ እገደዳለሁ፤ እርሱም ከዚህኛው ረዘም እንደሚል በትሕትና አሳውቃለሁ።

ወንበርዎ ሁልጊዜ የጸና፣ ሱሪዎም ሁልጊዜ በልክ የተሰፋ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ የማይረሳ መስተንግዶ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ወደ ላይ አጥፌ የሰቀልሁትን ሙንዱዬንም እንደ አክብሮት ሥርዓታችን እስከ ቁርጭምጭሚቴ አውርጄ፣ እጅ እነሣለሁ።

ቲ. ማዳቫ ኔዱንጋዲ
ጡረተኛ ርእሰ መምህርና የካርታያኒ አሳላፊ
ኦታፓላም፣ ኬራላ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳበቃ የኩባንያዎ አዲስ የማስታወቂያ መጽሔት በፖስታ ደረሰኝ። በሽፋኑ ላይ ባለ ወርቅ ጠርዝ ሙንዱ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ለካፒቴንዎ ፓያሳም ሲያሳልፍ ይታያል፤ ከሥሩም «እውነተኛው የኬራላ ክብር በጃላታራ» ተብሎ ተጽፏል። ሽማግሌው በዚያ ምሽት ሳላውቅ ፎቶ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ካርታያኒ አይታው «ልብሱን ካልወደዱት ለምን ሰረቁት?» ብላለች። ስለዚህ ለሚመጣው ኦናም ያንኑ ሙንዱ ለብሼ፣ ሽፋኑንም ለሚስተር ሮይስተን የማሳየው የመግቢያ ፈቃድ አድርጌ እመጣለሁ። ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ያስይዙልን፤ ለካፒቴኑ የሚያሳልፍላቸውን ሰው ግን በዚህ ጊዜ ራስዎ ይፈልጉ።