ከመቶ ሠላሳ አራት

የካቲት 4
ዛሬም ሥራ የለም። ቤት ጠረግኩ፣ መስኮት ወለወልኩ፣ የተወለወለውን ደግሜ ወለወልኩ... የምሠራበት የአውቶቡስ ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ መስኮቶቼ እንዲህ ጠርተው አያውቁም።

ታላቅ ወንድሜ ደወለ። ሱቁ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ እንድሆን ወስኗል። ወስኗል ነው የምለው፣ አልጠየቀኝማ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ካላገኘሁ እሱ ጋ ነው። ክፉ ሰው አይደለም... ግን በዚህ ዕድሜዬ በወንድሜ ዓይን ሥር ተቀምጬ መልስ ልቆጥር? ሞቼ እገኛለሁ።

የካቲት 6
ታናሽ እህቴ መጣች። ስልኬ ላይ ያስቀመጥኳቸውን የሥራ ማስታወቂያዎች አየች። ሞልቷል። አንዱንም አላመለከትኩበት። "እትዬ፣ ማስታወቂያ ታደልቢያለሽ እንዴ?" አለችኝ።

ከዚያ አንድ ረዳት ጫነችልኝ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት። ስለ ራሴ እነግረዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ አንብቦ የትኛው እንደሚስማማኝ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። ምክንያቱንም ይጽፋል።

ነገርኩት። "አውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ስምሪት ክፍል ነበርኩ። ስልክ አነሳ ነበር።"

የካቲት 7
ጉድ ነው። ለሆቴል ስልክ አንሺነት ሰማንያ ስምንት ሰጠኝ። ከሁሉም ከልቤ የምፈልገው፣ የሆስፒታሉ አምቡላንስ ስምሪት ኃላፊነት... ሠላሳ አራት! ምክንያት፦ "ስልክ ከመቀበል ውጪ ስምሪት የመምራት ልምድ አልተገለጸም።"

አልተገለጸም? ያን ሁሉ አውቶቡስ ማን ነበር ሲያሰማራ የኖረው? ደሜ ፈላ። ስልኩን ትራስ ሥር ወሸቅኩት።

የካቲት 9
መንገድ ላይ ቀስበቀስን አገኘሁት። የድርጅቱ አንጋፋ ሾፌር ነው፤ ቅጽል ስሙ ለፌዝ የወጣለት ሲነዳ ስለሚበር ነው። ቤት ይዤው መጥቼ ብሶቴን ዘረገፍኩለት። ያዝንልኛል ስል ሳቀብኝ። ምን ብለሽ ነገርሽው አለኝ። አነበብኩለት። ሳቁን ተወ።

"ስልክ አነሳ ነበር? እሱ ታዲያ ምን ያድርግ፣ የሰጠሽውን ነው የመዘነው።"

ምን ልበል... እኛ ቤት ስለ ራስ ማውራት ጉራ ነው። ሰው ያመስግንሽ እንጂ አንቺ አፍሽን ያዢ ተብዬ ነው ያደግኩት። ይህንኑ ነገርኩት።

"እሺ፣ ሰው ያመስግንሻ" ብሎ ስልኩን ከእጄ ነጠቀና ይናገርበት ጀመር። ጎርፍ ድልድዩን የወሰደ ቀን አውቶቡሶቹን በየመንገዱ ከፋፍላ አንድም ተሳፋሪ ውጭ ሳታሳድር ያስገባች እሷ ናት አለ። ማን ሲታመም ማን እንደሚተካ በቃሏ ታውቃለች አለ። የተኳረፉ ሾፌሮችን አስታርቃ ነው የምታሰማራው አለ፣ እኔን ራሴን ስንቴ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። የሌላ ሰው ወሬ መሰለኝ። ግን ውሸት የለበትም... አንድም።

ረዳቱ ጠየቀ፦ "ይህ ሁሉ በእርግጥ የእርስዎ ሥራ ነበር?" ጣቴ ትንሽ ዘገየ። አዎ አልኩት።

እንደገና መዘነ። አምቡላንስ ስምሪት፦ ዘጠና አንድ። መንጃ ፈቃድ ባይኖርዎትም፣ ማስታወቂያው ቢኖር ይመረጣል ይላል እንጂ ግዴታ አላደረገውም፣ ያመልክቱ አለኝ። ስልክ አንሺነቱ ቁልቁል ወረደ። እሰይ!

የካቲት 10
አመለከትኩ።

የካቲት 18
ጠሩኝ። ለቃለ መጠይቅ። እኔን!

የካቲት 21
ሦስት ሆነው ጠበቁኝ። መሃል ላይ አንዲት ሐኪም። ስለ ጎርፉ ቀን ጠየቀችኝ። አውቶቡሶቹን ከፋፈልን፣ መንገድ ቀየርን፣ ለጋራዡ ነገርን እያልኩ ስቀጥል አቋረጠችኝ። በቁጣ አይደለም።

"ማነው የወሰነው?"

ሁላችንም ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "አለቃዬን በስልክ አጣሁት። የሚጠበቅ ጊዜ አልነበረም። እኔ ወሰንኩ።"

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ... ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም።

የካቲት 28
ተቀበሉኝ! ተቀበሉኝ! ለብቻዬ ክፍሉን ዞርኩት።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ጋሼ፣ ሌላ ገንዘብ ተቀባይ ፈልግ አልኩት። ይቀየማል ብዬ ፈራሁ። ሥራው ምንድነው አለኝ፣ ነገርኩት። "ድሮም አንቺን ለሱቅ ማሰቤ ጥፋቴ ነው። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ስታዢኝ ነው የኖርሽው" አለ። ሳቅን። ስልኩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

መጋቢት 9
የመጀመሪያ ፈረቃዬ። ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ዝናቡ ወረደ። ምጥ የያዛት ሴት ባል ደወለ። ቅርብ ያለውን አምቡላንስ ላክሁ... ሰፈሯ ሊደርስ ሲል ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሾፌሩ በሬዲዮ ምን ላድርግ ይለኛል። አብራው ያለችው ነርስ ቦርሳዋን ይዛ በእግሯ ወደ ቤቱ እንድትሄድ ነገርኳት። ባልየው መንገድ ወጥቶ እንዲቀበላት ደወልኩለት። ሁለተኛውን መኪና በላይኛው መንገድ አዞርኩት። ነርሷ ደርሳ አዋለደቻት፣ መኪናው ተከትሎ ደረሰ። ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ረፋዱ ላይ የተቀረቀረው ሾፌር ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ገና ጠዋት ስገባ "ስምሪት በሴት?" ሲል የሰማሁት ሰውዬ። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።

"አለቃ፣ አሁን ወዴት ልሂድ?"

ነገርኩት።